ከኩፐር ብላክ ጎን የሚቆም የአማርኛ ፊደል፦ የስራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ

ስራው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ቡና ቆልተው የሚሸጡ እናት ለሱቃቸው ባለመብራት ታፔላ ይፈልጋሉ፣ ከላይ በአማርኛ «የተቆላና የተፈጨ ቡና»፣ ከስር በትንሹ በእንግሊዝኛ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ራሳቸው መርጠው ነው የመጡት፣ ፎቶ ከስልካቸው አውጥተው አሳዩኝና «እንደዚህ ወፍራም ሆኖ ሰው የማያስደነግጥ» አሉኝ። ፎቶው ላይ ያለው ኩፐር ብላክ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፎንት ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው ራሱ ሲያየው ያውቀዋል፣ የኢዚጄት አውሮፕላኖች ላይ የተፃፈው እሱ ነው፣ ቢች ቦይስ የሚባሉት ባንድ በ1966 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት አልበም ሽፋን ላይም አለ፣ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋርም ስለሚመጣ ኮምፒውተር ፅህፈት ቤት ገብቶ የፎንቱን ዝርዝር ወደታች ያወረደ ሁሉ አልፎበታል።

የእንግሊዝኛው ጉዳይ ስለዚህ አለቀ። ችግሩ አማርኛው ላይ ነው። እንደዛ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ የአማርኛ ፊደል ስፈልግ አጠገቡ ሊቆም የሚችል አላገኘሁም፣ ታፔላ ቤቶች እንዲህ ሲገጥማቸው የሚያደርጉት ያለውን የአማርኛ ፎንት ወስዶ ዙሪያውን መስመር (ስትሮክ) ጨምሮ ማወፈር ነው፣ ያ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም በየመንገዱ እናየዋለን፣ ቀለበቱ ይደፈናል፣ የ«ጨ» እግሮች ይጣበቃሉ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ይሆንና ፊደሉ የተነፋ ነገር ይመስላል። እኔ አላደርገውም። ለታፔላው የሚያስፈልጉት የተለያዩ ፊደላት ስምንት ናቸው፦ የ፣ ተ፣ ቆ፣ ላ፣ ና፣ ፈ፣ ጨ፣ ቡ። እነሱን ከዜሮ እስላቸዋለሁ።

ስወጣ ያሉኝ ነገር ደግሞ ልኬቱን ወሰነልኝ። «ልጄ፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ካላነበበው ምን ያደርግልኛል?» እሺ እትዬ አልኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የታክሲ መስመር 25 ሜትር ገደማ ይሆናል። ታፔላ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌት ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ 21 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፣ ቦታው ስላለ 35 አድርጌዋለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ምንም አልሳልኩም፣ ኩፐር ብላክን አተልቄ ስክሪን ላይ አስቀምጬ ሳየው ነው የዋልኩት። ወፍራም ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ይጮሃል፣ ይሄ ለምን እንደማይጮህ ካልገባኝ አማርኛውን መሳል አልችልም።

የሳለው ኦስዋልድ ኩፐር ይባላል፣ 1879 ኦሃዮ ውስጥ የተወለደ፣ ቺካጎ ላይ የሰራ ሰው ነው። መጀመሪያ የማስታወቂያ ፊደል በእጁ የሚስል ነበር፣ ፎንት የመጣው በኋላ ነው፣ እና ይሄ በጣም ያስታውቃል። ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የሚባል የቺካጎ ፊደል አምራች 1922 ላይ ኩፐር ብላክን አወጣው፣ በእርሳስ ብረት ተቀርፆ ማለት ነው፣ እና ገበያው ጉድ ሆነ። ኩፐር ራሱ ስለሱ ሲናገር ሩቅ አሳቢ ለሆኑ አታሚዎችና ሩቅ ማየት ለማይችሉ ደንበኞቻቸው የተሰራ ነው ብሎ ነበር። እትዬ ከታክሲው ጋር ያሉትን ነው ያለው በሌላ አነጋገር።

ከዚህ ታሪክ በጣም የምወደው ነገር ደግሞ አለ። ኩፐርን ያስተማረው ፍሬድሪክ ጎውዲ ነው፣ ትልቁ የአሜሪካ ፊደል ሳይ ጎውዲ። የተማሪው ፊደል ገበያውን ሲይዘው ላንስተን ሞኖታይፕ የሚባል የፊደል ድርጅት ተፎካካሪ እንዲሰራለት ለአስተማሪው አዘዘ፣ ጎውዲ ሄቪፌስ የሚባለው በ1925 የወጣው በዚህ ነው። ቆንጆ ፊደል ነው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የተማሪው ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም የኩፐር ወፍራምነት ከውስጥ የመጣ ነው፣ የጎውዲ ግን ቀጭን ፊደል ሆኖ ተወልዶ በኋላ የወፈረ ይመስላል።

ወደ ቅርፁ ልመለስ። ሰው ሲያየው ጠርዙ ስለተድበለበለ ነው ለስላሳ የሆነው ይላል። አይደለም። ከምር አይደለም። ማንኛውንም ወፍራም ፎንት ወስጄ ጠርዙን ባድበለብለው የሚወጣው የመድኃኒት ፍሬ የመሰለ ነገር ነው። ኩፐር ብላክ ላይ ለስላሳ የሚያደርገው ቀጥ ያለ መስመር ፈልጋችሁ የማታገኙ መሆኑ ነው። የ«ኤል» ቋሚ መስመር ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ስታጎሉት ግን ወገቡ ላይ ትንሽ ገባ ብሎ ወደታች እየሰፋ ሄዶ ሴሪፉ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ እግር፣ ውስጥ ይሟሟል፣ የቱ ጋ ቋሚው አልቆ የቱ ጋ እግሩ እንደጀመረ መለየት አትችሉም። የእግሩ ታችም ጠፍጣፋ አይደለም፣ ወደታች ቆልመም ብሎ መስመሩን ትንሽ ያልፈዋል። ክቦቹ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፣ ከውጭው ጋር አንድ ዓይነት ቅርፅ የለውም፣ የ«አይ» ነጥብ እንኳ ክብ ሳይሆን ያዘመመ እንቁላል ነው። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው እጅ ያለበት የሚመስለው። ለእርሳስ ህትመትም በጣም ተመችቶት ነበር፣ መጀመሪያውኑ ስለታም ጥግ የሌለው ፊደል ቢያልቅም ቀለም ቢበዛበትም አይታወቅበትም።

ለአማርኛው የሚወሰደው እንግዲህ ይሄ አሰራር ነው እንጂ ቅርፁ አይደለም።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ እግር ብቻ ነው የሳልኩት። የ«ቡ»ን እግር።

ለማየት ያህል መጀመሪያ የኩፐርን ሴሪፍ እንዳለ ኮፒ አድርጌ ከ«በ» ሁለት እግሮች ስር አስገባሁት። ወዲያው «በ» መሆኑ ቀረና የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዩ» ሆነ፣ የላቲን ጫማ ያደረገ። ይሄን ዓይነት ነገር ብዙ የአማርኛ ጌጥ ፎንቶች ላይ አያለሁ እና ሁሌ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የኛ ፊደል የራሱ እግር አለው እኮ። ብራና ላይ በቁም ፅህፈት የተፃፈ ነገር ጠጋ ብላችሁ ስታዩ የመቃ ብዕሩ ቋሚውን ወፍራም አግድሙን ቀጭን አድርጎ ነው የሚሄደው፣ ሲጀምር ከላይ ሰያፍ ራስ ይተዋል፣ ሲጨርስም ታች ሰያፍ ቁርጥ ይተዋል። ያ ነው ሴሪፋችን። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ዮሐንስ ፖትከን በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም፣ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መፅሐፍ ማለት ነው፣ የተቀረፀው የእርሳስ ፊደል የብራናውን እጅ ተከትሎ ነበር። እኔም ከዛው ነው የምነሳው።

ስለዚህ ያደረግኩት ይሄ ነው፦ 1000 ዩኒት (የፎንት መሳያ መለኪያ) ባለው ሰሌዳ ላይ የፊደሉን ቁመት 700 አደረግኩ፣ በ35 ሴንቲ ሜትር ሲሰራ አንድ ዩኒት ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ሂሳቡ ቀላል እንዲሆንልኝ ነው። የእግሩ ውፍረት ከላይ 160፣ ወገቡ ላይ 148፣ ታች 176። ታቹ ሰያፍ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን የመቃ ቁርጥ ስለት ሳይሆን ሆዱ ወደታች የወጣ ቅስት ነው፣ መስመሩን በ12 ዩኒት ያልፋል። ጥጎቹ እኩል አልተድበለበሉም፣ የግራው ጠበቅ ያለ የቀኝኛው ሰፋ ያለ ነው፣ መቃ ሲነሳ ቀለሙን የሚጎትተው ወደዛ ስለሆነ። ሁለቱን እኩል ሳደርጋቸው ወዲያው ህይወቱ ይጠፋል፣ ልዩነቱ ስክሪን ላይ ጥቂት ዩኒት ነው ግን ዓይን ያውቀዋል።

ኖድ፣ ማለትም መስመሩን የሚይዙትን ነጥቦች፣ በጣም ትንሽ ነው የተጠቀምኩት፣ ለአንድ እግር ታች አራት። ለስላሳ ነገር ስትስሉ ኖድ በበዛ ቁጥር ይጎረብጣል፣ ከነጥቡ የሚወጣውን ማጠፊያ፣ ሃንድሉን፣ አርዝሞ መተው ነው።

የካዕቧ ጭረት፣ ማለትም «ቡ» ላይ በቀኝ በኩል ወገቧ ጋ የምትወጣው፣ እሷም ከእግሩ ጋር በቅስት ነው የተያያዘችው። ቀጥ ብላ እንደ ሚስማር ከተሰካች ሁሉንም ታበላሻለች።

አርብ

የዛሬዎቹ ከባዶቹ ናቸው፣ «ቆ» እና «ጨ»።

«ቆ» ላይ ክቡን ቋሚው መሃል ለመሃል ስለሚሰነጥቀው ሁለት ግማሽ ባዶ ቦታ አለ፣ ከላይ ደግሞ የሳብዕ ቀለበት አለ፣ ሦስት ቀዳዳ በአንድ ፊደል። ወፍራም ፊደል ውስጥ ቀዳዳ ነው የሚሞተው። ስንት ዩኒት ቢሆን ይበቃል የሚለውን በግምት መወሰን አልፈለግኩም። ጤነኛ ዓይን አንድ የዲግሪ ደቂቃ የሚያህል ነገር ይለያል፣ በ25 ሜትር ላይ ያ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግን ታፔላው ማታ ይበራል፣ ብርሃን ሲበራ ደግሞ ወደ ጨለማው ይፈሳል፣ ቀዳዳውን ከየዳሩ ይበላዋል። ስለዚህ ከ20 ሚሊ ሜትር በታች አይወርድም አልኩ፣ ማለትም 40 ዩኒት። እሱን ለማግኘት የ«ቆ» ክብ ከሌሎቹ ሰፋ ማለት ነበረበት፣ ክቡን የሚሰነጥቀው መስመርም ከ148 ወደ 96 ቀጭኖ ከክቡ ሲወጣ ነው ተመልሶ የሚወፍረው። አሁን ስታዩት ቀጭን መሆኑ አይታወቅም፣ በሁለት ጥቁር መሃል የተጨናነቀ መስመር ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው።

ባዶ ቦታዎቹን እንደ ኩፐር ወደ ግራ አዘነበልኳቸው፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ። ይሄ ከላቲኑ የወሰድኩት ነገር ነው፣ አማርኛው ግን አልተቃወመውም፣ መቃም ክብ ሲሰራ ወፍራሙ ቦታ በትክክል ግራና ቀኝ ላይ አያርፍም።

«ጨ» ደግሞ ሦስት እግር፣ ከስርም ቀለበቶች። 160 ውፍረት ሦስት ጊዜ ከገባ ፊደሉ በር ያህል ይሰፋል። እግሮቹን ወደ 124 አወረድኳቸው፣ መካከለኛዋን ወደ 116፣ ፊደሉንም ከ«ቡ» ይልቅ ሲሶ ያህል አሰፋሁት። ቀለበቶቹ እግሩን የሚነኩት በሙሉ ወገናቸው አይደለም፣ በጠባብ አንገት ነው፣ አንገቱ ላይ ያለው ጥግ ውስጥ ትንሽ ነጭ ቦታ ተውኩለት ቀለም ወይም ብርሃን ሲሞላው የሚጠፋ። በትንሹ ለሚታተም ፅሁፍ በተሰሩ አንዳንድ ፎንቶች ላይም ቀለም የሚጠራቀምበት ጥግ ላይ እንዲህ ዓይነት መተንፈሻ ይተዋል።

ይሄን ስሰራ ወፍራም ፊደል መሳል ጥቁሩን መሳል እንዳልሆነ በደንብ ተሰማኝ፣ ውስጡ የቀረውን ነጭ ነው የምታስተዳድሩት፣ ጥቁሩ የተረፈውን ይወስዳል።

ስምንቱ ስላለቁ ሌሎቹን ለመሞከር እጄን በላኝና ቆብ ያላቸውን ጀመርኩ፣ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ። ቆቡ ከቁመቱ ላይ ቢያንስ 60 ዩኒት ይበላል፣ ከስሩም ነጭ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፊደሉን ከስሩ ማሳጠር ወይም ቆቡን ከላይኛው መስመር ማስወጣት ነው ያለው ምርጫ። እኔ በትንሹ አስወጣሁት። ሙሉውን ገበታ ለመጨረስ ገና ብዙ ይቀረኛል፣ ሰላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር፣ በሌላ ጊዜ።

ቅዳሜ

ስፔሲንግ፣ ማለትም በፊደሎቹ መሃል ያለው ክፍተት። ፊደሎቹ ለብቻቸው ሲያምሩ ቃል ሲሆኑ ይጣላሉ፣ በተለይ እዚህ ፅሁፍ ላይ አንድ ነገር አለ። «የተቆላ» የሚለውን ተመልከቱት፦ የ፣ ተ፣ ቆ ሁሉም ባለ አንድ እግር ናቸው። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ። ስለዚህ የቃሉ ታች ሁሉ ባዶ ነው፣ ከዛ «የተፈጨ» ላይ «ጨ» ትመጣና በሦስት እግርና በቀለበት ታቹን ትሞላዋለች፣ አንዱ ቃል ተንጠልጥሎ ሌላው ተቀምጦ ይታያል። እግሩ ወደታች እየሰፋ እንዲሄድ ማድረጌ እዚህ ጋ ነው የጠቀመኝ፣ ባለ አንድ እግሮቹ ላይ ታቹን ከ176 ወደ 196 አሳደግኩት፣ አሁን መሬት ላይ ቆመዋል። ለብቻው የተለጠፈ ሴሪፍ ይሄን አይሰጥም ነበር፣ እግሩ ራሱ ነው ክብደቱን ወደታች ያወረደው።

በጣም ያስቸገረኝ ጥንድ «ቆላ» ነው። የ«ቆ» እግር መሃል ላይ ነች፣ የ«ላ» የግራ እግር ደግሞ አጭር ነች፣ ስለዚህ በሁለቱ መሃል ከታች ትልቅ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ለማጥበብ «ላ»ን ወደ ግራ ስገፋት የ«ቆ» ሆድ ይይዛታል። 38 ዩኒት ገፍቼ አቆምኩና የቀረውን የ«ላ»ን አጭር እግር ትንሽ አርዝሜ ፈታሁት፣ ራብዕነቷ ግን መታወቅ ስላለበት ከቀኝ እግሯ ጋር እኩል እንድትሆን አላደረግኳትም። «ለ» እና «ላ» ካልተለዩ ፊደል አይደለም።

ከዛ አደብዝዤ አየሁት። ፅሁፉን ብለር አድርጎ ማየት በጣም ይጠቅማል፣ ጥቁር የተጠራቀመበት ቦታ እንደ እድፍ ይወጣል። «ጨ» ላይ ትንሽ ነበር፣ አንገቶቹን አሳሳኋቸው፣ አለፈ።

ከሰዓት ለእትዬ በትልቁ አትሜ ወሰድኩላቸው፣ ግድግዳው ላይ ለጥፈን ከመንገዱ ማዶ ሄደን ቆመን አየነው። ዝም ብለው ቆይተው «ይሄ እኮ ጠግቦ የተኛ ሕፃን ነው የሚመስለው» አሉ። ከዚህ የተሻለ የኩፐር ብላክ ትንታኔ አላነበብኩም። ከዛ ደግሞ «ፈ»ን «ትንሽ ትኩራ፣ አንገቷን የደፋች መሰለች» አሉኝ፣ ልክ ነበሩ፣ ራሷን 10 ዩኒት ከፍ አደረግኩላት።

ረቡዕ

ሲኤንሲ ቤት ነበርኩ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን የሚቆርጡበት። ለስላሳ ፊደል ለስራ ምን ያህል እንደሚመች ያየሁት እዚህ ነው። የመቁረጫው መርፌ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ክብ ነገር እየተሽከረከረ ስለሚቆርጥ የውስጥ ጥግ ላይ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ በታች መግባት አይችልም፣ ስለታም ሴሪፍ ያለው ፊደል ሲሰጠው ጥጉን በራሱ ያድበለብለዋል፣ ከዚያ በእጅ መሞረድ ይመጣል። የኔው ላይ ከ1.5 የጠበበ ጥግ የለም፣ እንደሳልኩት ነው የወጣው። ለአክሪሊክ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ስለታም የውስጥ ጥግ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው፣ ክብ ጥግ ጫናውን ይበትነዋል።

መብራቱም እንደዛው። የኤልኢዲ ሞጁሏ ስፋቷ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጎንና ከጎኗ ቦታ ካላገኘች ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ሆና ትታያለች። 160 ዩኒት ማለት 8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለት ረድፍ እንደልቡ ይገባል፣ ቀጭኖቹ አግድሞች ላይ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር አለኝ አንድ ረድፍ ይበቃል። ቀጭን ያማረ ፊደል መርጠው መጥተው መብራት ይግባልን የሚሉ ደንበኞች አሉ፣ አይገባም፣ ወፍራም ፊደል የሚመረጥበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው።

ቆራጩ ልጅ «እህት፣ ይሄ ፎንት ስሙ ማነው፣ ላኪልኝ» አለኝ። ገና ስም የለውም።

ሐሙስ

ስም ሳይወጣለት በፊት የት እንደማይሆን ልፃፍ፣ ምክንያቱም ከተለቀቀ በኋላ ሁሉም ቦታ ይገባል፣ ኩፐር ብላክም እንደዛ ነው የሆነው፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ በፎቶ ፅህፈትና በሌትራሴት (እየተፋቀ በሚለጠፍ የፊደል ወረቀት) ረክሶ ሲገኝ ከቲሸርት እስከ ሱቅ መስኮት ያልገባበት አልነበረም።

ለትንሽ ፅሁፍ አይሆንም። ለዋጋ ዝርዝር፣ ለአድራሻ፣ ለስልክ ቁጥር፣ የቡና ከረጢት ጀርባ ላይ ለሚፃፈው በፍፁም፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። እዛ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ነው የተጠቀምኩት፣ አጠገቡ ጨዋ ሆኖ ይቆማል። ሁለት ሦስት ቃል በላይም አይችልም፣ አረፍተ ነገር ሲሆን ያፍናል። ደግሞ ድምፁ አንድ ነው፣ ሞቅ ያለ፣ ቅርብ። ለዳቦ፣ ለቡና፣ ለሕፃናት መፅሐፍ ርዕስ፣ ለሙዚቃ ፖስተር ይሆናል። ለሐዘን ማስታወቂያ ወይም ለማስጠንቀቂያ ታፔላ የሚያስቀምጠው ሰው ግን ፊደሉ የሚለውን አልሰማም፣ «አደጋ» የሚለው ቃል በዚህ ፊደል ሲፃፍ ማንም አይሸሽም።

የእንግሊዝኛው ላይ ደግሞ አንድ ለውጥ አደረግኩ። ኩፐር ብላክ ለታፔላው ችግር የለውም፣ ግን አማርኛውን ወደፊት ከላቲን ጋር በአንድ ፎንት ውስጥ አድርጌ በነፃ መልቀቅ ስለምፈልግ ኩፐርን ውስጡ ማስገባት አልችልም፣ ባለቤት አለው። ስለዚህ ፍራውንሰስ የሚባለውን ፎንት እያየሁ ነው፣ በ2020 ጎግል ፎንትስ ላይ የወጣ፣ የአንደርኬዝ ታይፕ ስራ፣ ከኩፐር፣ ከዊንድሰርና ከሱቬኒር ከሚባሉት የድሮ ፊደላት መንፈስ የተቀዳ ነው፣ በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ስለሆነም በዛው ላይሰንስ እስከለቀቅኩት ድረስ መቀየርና መጨመር ይቻላል። የሚገርመው ነገሩ ለስላሳነት ራሱን የቻለ መቆጣጠሪያ አለው፣ ከ0 እስከ 100፣ ውፍረቱም ከ100 እስከ 900 ለብቻው። መቆጣጠሪያውን 100 ላይ አድርጌ ውፍረቱን 900 ሳደርሰው ከ«ቡና» ጎን ቆመ፣ አልተጋፋውም። የእንግሊዝኛውን ቁመት ከአማርኛው 72 በመቶ አድርጌዋለሁ፣ ትልቁ ፊደል ካደገ አማርኛውን ይጫነዋል፣ እዚህ ታፔላ ላይ ዋናው አማርኛው ነው።

እትዬ ልዩነቱን አሳየኋቸው፣ «ሁለተኛው ይሁን» አሉ፣ ፍራውንሰሱን ማለት ነው። ፋይሉ ተልኳል፣ የእንግሊዝኛው መስመር ነገ ይቆረጣል። እኔ ከነገ ወዲያ ወደ ሥርዓተ ነጥብ እገባለሁ፣ አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን፣ ነጥቦቹ እንደ «አይ» ነጥብ ያዘመሙ ይሁኑ ወይስ መቃ እንደሚጥለው ባለ አራት ማዕዘን ጠርዛቸው የለዘበ ይሁኑ የሚለውን ሁለቱንም ስዬ አያለሁ፣ የብራናው ነው የሚያሸንፈው ብዬ አስባለሁ።